የቦራ መርዶ

ባለቤቴ ከበበው ከቴሌ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው መርዶ ማርዳት ነው። ደሞዝ የለውም እንጂ ሥራ ነው። የእድራችን ሰብሳቢ ስለሆነ፣ ነፋስ ስልክ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ማን ለማን፣ መቼና በምን ቃል እንደሚነግር የሚወስነው እሱ ነው። «መርዶ በደረጃ ነው» ይላል። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ሆስፒታል ገብቷል»፤ ከዚያ «ጠንቶበታል»። በመጨረሻ ጎህ ሲቀድ፣ ባለሐዘኑ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠውለት እውነቱ ይነገረዋል። ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ሕግ ደግሞ አለው፤ ፈተና ያለበት ተማሪ ፈተናውን ሳይጨርስ ምንም ነገር አይሰማም። በዚህ ሕግ የተነሳ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ከማትሪክ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው የእናቱን ፊት ነው፤ ስትስቅ ካላያት ልቡ አይመለስም።

እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር እንደቀለድኩበት ነው። «አንተ ሰው፣ እኔ ስሞት ለእኔም በደረጃ ትነግረኛለህ» እለው ነበር። ቀልዱ ዞሮ ቤታችን የገባው ሲና እኛ ጋ መጥታ ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የምትዘጋጅ ጊዜ ነው።

ሲና የታናሽ እህቴ የማርቲ ልጅ ናት። አባቷ ሮበሌ ላፍቶ ተወልዶ ያደገ፣ አያት ቅድመ አያቶቹ እዚያው መሬት ሲያርሱ የኖሩ ሰው ነው። እርሻው ኮንዶሚኒየምና አስፋልት ሲሆን ለእሱ የተረፈው ግቢውና ጥቂት የወተት ላሞች ናቸው። በእነሱ ቤተሰብ ልጅ ሲወለድ ጊደር ይሰጠዋል፤ ሃንዱራ ይሉታል፣ የእትብት ስጦታ ማለት ነው። ለሲናም ስትወለድ አያቷ ሰጧት። ቦራ የዚያች ጊደር ልጅ ናት። ጥቁር ሆና ግንባሯ ላይ ብቻ ነጭ ያለባት፣ ከሲና በቀር ሌላ ሰው ሲያልባት ፊቷን የምታዞር ኩሩ ላም ነበረች።

ሲና ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ቦራ በምጥ ተያዘች። ጥጃው እግሩን አጥፎ አልወጣ አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ አላነሳም። የሮበሌ ክንድ እንደ ግንድ ወፍራም ነው፤ የሲና ግን ቀጭን ስለሆነ በሳሙና አጥቦ «ገብተሽ እግሩን አቅኚው» አላት። አቀናችው። ሮበሌ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን የልጁን እጅ ይዞ ለማርቲ አሳያትና «ይህቺ እጅ የሐኪም ናት» አለ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

አምና የአንድ ሕክምና ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ወስዳ በትንሽ ነጥብ ወደቀች። ዘንድሮ እንደገና አመለከተች። «አሁን ካላለፍኩ አካውንቲንግ እገባለሁ፤ ሦስተኛ አልሞክርም» አለችን። እሷ ደግሞ አልሞክርም ካለች አትሞክርም፤ በዚህ አባቷን ቁጭ ነው። ስለዚህ ያ ፈተና የመጨረሻዋ ነበር፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ላፍቶ ቤታቸው ወተት ገዢ ከጠዋት ጀምሮ በር ስለሚያንኳኳ ለጥናት አይመችም። የእኛ ልጆች ግን አግብተው ወጥተዋል፤ ቤቱ ጭር ያለ ነው። እናም ከልብሷ መጽሐፏ በዝቶ መጣች። የምግብ ጠረጴዛውን ያዘች። ግድግዳዬን በልብና በኩላሊት ሥዕል ሞላችው። እኔ የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ የማይደርስልኝን ቤት አምጥቼ እሰፋ ነበር። የስፌት መኪናዬ ድምፅ ረበሸኝ ብላ ከነመኪናዬ ጓዳ አስገባችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ልኩን እነግረው ነበር፤ ለሲና ግን መኪናውን ራሴ ተሸከምኩት።

ከሱቅ ስመለስ ስልኳን ትሰጠኝና ከቴሌግራም ያወረደችውን የድሮ ጥያቄ ታስነብበኛለች። እኔ እንግሊዝኛውን እንደ ዳዊት ነው የምደግመው፤ ይነበባል እንጂ አይገባኝም። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትመልሳለች። በትክክል ስትመልስ እኔ ያስተማርኳት ይመስል ደረቴ ይነፋል። ከበበው ደግሞ ዝም ማለት አይችልም፤ ስለ ነርቭ ጥያቄ ከመጣ «እሱማ ልክ እንደ ስልክ መስመር ነው» ብሎ ስለ ኬብል ያወራል። ሲና በትዕግሥት ሰምታው ስትጨርስ «ጋሼ፣ ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» ትለዋለች። «ቢመጣስ?» ይላታል። በእነዚያ ወራት ቤቴ ውስጥ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ጠዋት ጠዋት ሮበሌ የቦራን ወተት በጀሪካን ይዞ ከላፍቶ ይመጣል። ቦቲው ጭቃ ስለሆነ አልገባም ይላል፤ በሩ ላይ ይቆማል። «ሲናኮ፣ አጠናሽ?» ይላታል፤ የኔ ሲና ማለቱ ነው። «አጠናሁ አባዬ።» «ጎሽ።» በቃ፣ ዞሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ለዚህች ለሁለት ቃል ነው ታክሲ ተጋፍቶ የሚመጣው ብዬ ስቄበት ነበር። ቆይቼ እንደታዘብኩት ግን ልጅቷ አባቷን ሳታይ መጽሐፍ አትገልጥም።

ፈተናው አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ሱቅ ሆኜ ጨርቅ ስቆርጥ ማርቲ እያለቀሰች ደወለች። መቀሱን አስቀምጬ «ማን?» አልኳት። እኛ ዘንድ ሰው በስልክ ሲያለቅስ ምን ሆንሽ አይባልም። «ቦራ» አለችኝ። መኖ ካቆመች ቀናት ሆኗት ነበር፤ ሮበሌም ለሲና ሳይነግር የሌላዋን ላም ወተት ሲያመላልስ ነበር። ሐኪሙ በመጨረሻ መጥቶ ሲያያት ሆዷ በፌስታል ተሞልቷል። በየሜዳው የሚጣለውን ፌስታል ከሣሩ ጋር ስትበላ ኖራ ማለት ነው።

ላም ናት ብዬ እፎይ ልል ነበር። ከዚያ ሲናን አሰብኩ።

በዚያው ዕለት ሱቄ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ከበበው፣ ማርቲ፣ ሮበሌና እኔ። ሮበሌ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሻሸ «ልንገራት» አለ። ላሟ የእሷ ናት፣ ለልጄም ዋሽቼ አላውቅም አለን። ከበበው ግን እንደ ዳኛ ተቀምጦ ሕጉን አስረዳው፤ ከሰማች ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች አታጠናም፣ ካላጠናች ትወድቃለች፣ ከወደቀች ደግሞ አካውንቲንግ ነው። «ዝም አይነቅዝም» አለው። እኔም ከስንት ዓመት አንዴ ከባሌ ጋር ተስማማሁ፣ ማርቲም ተስማማች፤ ሮበሌን ሦስት ለአንድ ረታነው።

የቀረው ችግር የሮበሌ ፊት ነው። ሮበሌ ልዋሽ ቢል እንኳ ፊቱ እሺ አይለውም። በሩ ላይ ቆሞ «አጠናሽ?» ሊላት አፉን ሲከፍት እንባው ይቀድመዋል። ስለዚህ እስከ ፈተናው ማግስት እንዳይመጣ፣ ስልኩንም እንዲዘጋ ከበበው ወሰነ። ለሲና ምን ይባል? እዚህ ላይ ነው እኔ ብልኋ የገባሁት። «ቱሉ ቦሎ ድርቆሽ ሊገዛ ሄዷል እንበላት» አልኩ። ሮበሌ ቀና ብሎ አየኝና አንድ ነገር ሊል ፈለገ። ተሸንፎ ነበርና ተወው፤ ኮፍያውን አጠለቀና ወጣ።

ሲና የድርቆሹን ወሬ ስነግራት «እሺ» ብቻ አለች። በማግስቱ ደወለችለት፤ ዝግ ነው። ገጠር ኔትወርክ የለም አልናት። በሦስተኛው ቀን መጠየቋን ተወች።

እኛ ደግሞ በየፊናችን እንጠነቀቃለን። ማርቲ ዓይኗ አብጦ ትመጣና ጉንፋን ይዞኛል ትላለች። ከበበው ሲና ወደ ሳሎን ስትገባ ወሬውን ያቋርጥና ስለ አየሩ ያወራል። ጎረቤታችን ሪሐና ነገሩን ስለሰማች ሳምቡሳ ይዛ መጣችና ልጅቷን አቅፋ አልለቅ አለች፤ «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» አለቻት። ሲና «ምኑ?» ስትላት ሪሐና ደንግጣ «ፈተናው» አለች። ከተጠነቀቅነው ጥንቃቄ ይህ ትንሹ ነው።

ሲና ከወትሮው የበለጠ ታጠና ጀመር። ከወንበሯ አትነሳም። ምግቡን ታገላብጠውና ትተወዋለች። ጥያቄ ላነብላት ስልኳን ስጠይቃት «እቴቴ፣ ብቻዬን ይሻለኛል» አለችኝ። የፈተና ፍርሃት ነው ብዬ ገንፎ ሠራሁላት፤ ሁለት ጣት አልነካችም። ከበበው ግን ተደስቷል፤ ምንም አልጠረጠረችም እያለ በኩራት ይመላለሳል። እኔም አመንኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኛ ለራሳችን መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

በፈተናው ዋዜማ ማርቲ እኛ ቤት አደረች። ጠዋት ታክሲ በኮንትራት ይዘን፣ ቁርስ አቅርበን ሲናን ጠበቅናት። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ሦስታችንም ክው አልን። ለለቅሶ የማስቀምጠውን ጥቁር ቀሚሴን ለብሳለች። ሰፍቷት ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። እስክሪብቶዎቿንና መታወቂያዋን ይዛለች።

«ጋሼ፣ ለመቼ ነው የያዝከው?» አለችው።

«ምኑን?» አላት ከበበው።

«መርዶዬን። ከፈተናው ስወጣ ነው ወይስ ነገ ጠዋት?» ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ። «አባቴን የት ቀበራችሁት?»

ማርቲ «ኧረ የኔ ልጅ፣ አባትሽ ደህና ነው» ብላ በለቅሶ ወደቀችባት። ማልቀሷ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ አበላሸው። እኔ መሐላቸው ገብቼ፣ ስሚኝ የሞተችው ቦራ ናት፣ ፌስታል በልታ ነው፣ እንዳትረበሺ ብለን ነው የደበቅንሽ አልኳት። ሲና በሐዘኔታ አየችኝ።

«እቴቴ፣ እሱን ዝለይው። መርዶ በደረጃ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚሁ ቤት ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ላሟ ሞተች፣ ቀጥሎ አባትሽ አሞታል።»

ከበበውን አየሁት። እሱ ደግሞ እኔን ያያል።

ነገሩን ያወቀችው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ወሩ መስከረም ነው፤ ሣሩ ገና መሬት ላይ ቆሟል፤ አልታጨደም፣ አልደረቀም፤ ድርቆሽ ሊገዛ ሄደ ማለት በሬ ወለደ ነው። የከብት አርቢ ልጅ ይህን አታጣውም። ሮበሌም ያን ቀን ሱቄ ውስጥ ሊለኝ የነበረው ይህንኑ ነው። ሲና ግን እቴቴ እንዲህ ያለ ውሸት የምትዋሸው ለትንሽ ነገር አይደለም ብላ አሰበች። የቀረውን የማርቲ ጉንፋንና የሪሐና ሳምቡሳ ሞሉላት።

«አባቴ ቢያመው እንኳ ይመጣል» አለች። «ብንጣላ ይመጣል። ሳያየኝ የሚቀረው ከሞተ ብቻ ነው።»

 ስንት ቀን ሙሉ አባቴ ሞቷል ብላ፣ እኛ እንዳንጨነቅ ብላ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ሳትነሳ ስታጠና ኖራለች። እኛ እሷን ደበቅናት፣ እሷም ሐዘኗን ከእኛ ደበቀች። «እፈተናለሁ» አለች። «አባቴም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ግን እያወቅሁ ሌላ ልብስ ለብሼ አልገባም።» አንዱ እስክሪብቶ ወደቀባትና ጎንበስ ብላ ስታነሳው እጇን አየሁት። የማይንቀጠቀጠው ድምፅዋ ነው እንጂ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ እጅ እንኳን ኬሚስትሪ፣ የራሱን ስም መጻፍ የሚችል አልነበረም።

ከበበው ወደ ሮበሌ ደወለ። ዝግ ነው። ዝጋው ያለው ራሱ መሆኑን ረስቶ ደጋግሞ ደወለ፤ ቴሌ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው በስልክ ሲለምን ማየት ያሳዝናል። ሌላ መንገድ የለም፤ ላፍቶ ሄደን ሮበሌን ማሳየት ነው። ፈተናው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ነው፤ ባለታክሲውን ፍጠን አልነው።

ላፍቶ ስንደርስ ማርቲና እኔ ከታክሲው ወርደን ወደ ግቢው ሮጥን። ላሞቹ አሉ፣ የቦራ ጥጃ አለች፤ ሮበሌ የለም። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብላ ገና ሳይነጋ የክት ካፖርቱን ለብሶ ወጣ አለችን። ወዴት እንደሄደ አልተናገረም። ባዶ እጃችንን ስንመለስ ሲና በታክሲው መስኮት አየችንና ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች። የጠበቀችውን ያየች ሰው ፊት ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ደቂቃ እኔም ተጠራጠርኩ። ሮበሌን ከዚያ ቀን ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም። ከበበው እኮ ይደብቃል፤ ሥራው ነው። ከታክሲው ጀርባ ጎትቼ ወሰድኩትና «ከበበው፣ እኔ ፈተና የለብኝም፤ ንገረኝ» አልኩት። ሰውዬው ግራ ገብቶት በብስራተ ገብርኤል ማለልኝ። የቤቱን ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የማይተማመን አድርጎታል ይህ በደረጃ የሚባል ነገር።

ሌላ የምንሄድበት ስላልነበረ ወደ ኮሌጁ ገሰገስን። ከብስራተ ገብርኤል ወረድ ብሎ ነው። መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘግቷል። በታክሲው ውስጥ የማርቲ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደምትሳል እሷና ገብርኤል ያውቃሉ። በሩ ላይ ስንደርስ ተፈታኞቹ ተሰልፈው መግባት ጀምረዋል፤ ወላጆች በመንገዱ ዳር ቆመው ያያሉ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከመብራት ምሰሶ ኋላ፣ የክት ካፖርት ከጭቃ ቦቲ ጋር ያደረገ አንድ ትልቅ ሰው ራሱን ለመደበቅ ይሞክራል። ምሰሶው ግማሹን እንኳ አልሸፈነውም።

ሮበሌ ነው። አትምጣ፣ አትታይ ብለነዋል፤ ቃሉን ላለማፍረስ ተደብቆ ልጁ ስትገባ ከሩቅ ሊያያት ብቻ ገና ሳይነጋ ተነስቶ መጥቷል።

ማርቲ ጣቷን ከመቀሰሯ በፊት ሲና ወርዳለች። እሱም አያት። ጥቁሩን ቀሚስ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያይ መደበቁን ረሳ። በመኪናዎቹ መሐል ሰንጥቆ መጣ፤ ሾፌሮች ይሰድቡታል፣ አይሰማም። ፊቱ አመድ መስሏል። መጀመሪያ ማርቲን አየ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ከበበውን። ሁላችንም አለን።

«ማነው?» አለ። «ሲናኮ፣ ማን ሞተብን?»

ሲና ሳቀች። እንዲህ ዓይነት ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ከሆዷ ነው የወጣው። ከዚያ እላዩ ላይ ተጠመጠመችበት፤ ካፖርቱን፣ ፊቱን፣ ጆሮውን ትዳብሳለች፣ መኖሩን በእጇ ታረጋግጣለች። ሮበሌ ምንም አልገባውም። ቢሆንም እንደ ልማዱ ሳይጠይቅ አቅፏት ቆመ።

ቆይታ ቀና አለች። «ቦራ ናት?»

«ቦራ ናት» አላት። ደረጃ የለ፣ ምን የለ። «ፌስታል ነው የገደላት። ሐኪሙ ከመጣ በኋላ ብዙም አልቆየች። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌላት ነበር፣ ብቻዋን አልሞተችም። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ እምቢ አሉኝ።»

«ማመስኳት ያቆመችው መቼ ነው?» አለች። ነገራት። «ጥጃዋስ?» ደህና ናት፣ ከሌላዋ እያጠባናት ነው አላት። አንድ በአንድ ጠየቀችው፣ አንድ በአንድ መለሰላት። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ለቦራ፣ ለእትብቷ ላም፣ የለቅሶ ልብስ እንደለበሰች አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ወግ ባለው ለቅሶ አለቀሰች። አጠገባችን የቆሙ ወላጆች ፈተና ፈርታ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ቀላል ነው ይባላል» አሏት።

ዘበኛው የቀራችሁ ግቡ ብሎ ተጣራ። ማርቲ የራሷን ነጭ ነጠላ አውልቃ ልታለብሳት ብትል ሲና እንቢ አለች፤ ይህ ለቦራ ነው አለች። ፊቷን በጥቁሩ ሻሽ ጫፍ ጠረገች። እጇን አየሁት፤ ጸጥ ብሏል። ሮበሌ ወደ በሩ ገፋ አደረጋትና «ግቢ» አላት። «እኔ እዚሁ ነኝ። ስትወጪ ታዪኛለሽ።»

ፈተናው እስኪያልቅ ከቆመበት አልነቃነቅ አለ። ከበበው ሻይ እንጠጣ ብሎ ቢለምነው፣ ስትወጣ ባታየኝስ አለው። ከበበውም አጠገቡ ቆመ። ሁለቱን ፀሐይ ሲመታቸው ዋለ።

ሲና የጽሑፍ ፈተናውን አለፈች። በኋላ ቃለ መጠይቁንም አለፈች፤ አሁን ነጭ ጋዋኗን እኔ ነኝ የሰፋሁላት፣ ኪሱን አንድ ጨምሬበት። መናገር የምፈልገው ግን ስለ ቃለ መጠይቁ ቀን ነው። ወጥታ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጣች። ሮበሌና ማርቲም መጥተው ነበር፤ ሮበሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦቲውን አውልቆ ገባ። ምሳ ቀርቦ ስንበላ ምን ጠየቁሽ አልናት።

አንድ ሸምገል ያሉ ሐኪም፣ የበሽተኛ ቤተሰብ በሽታውን እንዳትነግሪው ብሎ ቢለምንሽ ምን ታደርጊያለሽ ብለው ጠየቁኝ አለች። ማዕዱ ላይ ያለነው ሁሉ ወደ ትሪው አቀረቀርን። ከፈተናው ቀን ወዲህ ማንም ስለዚያ ነገር አንስቶ አያውቅም ነበር።

ከበበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አልሻቸው?» አለ።

«መጀመሪያ ሳቅኩባቸው» አለች። «ከዚያ፣ ሰው ካልተነገረው የሚያስበው ከእውነቱ ይብሳል፤ ስለዚህ እነግረዋለሁ አልኳቸው። ቤተሰቡን ግን አልቆጣም። የደበቁት ስለሚወዱት ነው። አጠገቡ አስቀምጫቸው እነግረዋለሁ አልኩ።»

ከበበው ጉርሻውን ይዞ ቆየ። ተቀይማ ይሆናል ብሎ ሲፈራት እንደሰነበተ እኔ አውቃለሁ፤ ሰውዬው ከቤት መውጣት ቀንሶ ነበር። ሲና «ስለሚወዱት» ስትል ትከሻው ወረደለት። እንጀራውን መልሶ አስቀመጠው።

«ሲና» አላት።

«አቤት ጋሼ።»

«እኔ የታመምኩ ቀን እነዚህ ይደብቁኛል። ይህቺ ሴትዮ» ብሎ በአገጩ አመለከተኝ፣ «ከሁሉም ቀድማ የምትደብቀኝ እሷ ናት። ለእኔ አንቺ ንገሪኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም» አለችው፤ እጇን ዘርግታ እጁ ላይ አደረገች።

እኔ ውኃ ላመጣ ብዬ ተነሳሁ። ጆጉ ሙሉ ነበር። ጓዳ ገብቼ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። የሰው ሞት ሁሉ በከበበው እጅ ሲያልፍ አይቻለሁና፣ እሱ ራሱ አንድ ቀን ይሞታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ሲና ዓይኔን አየችው። «እቴቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ሽንኩርት ነው ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ሁሉም ያዩኛል።

«ከበበው ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ» አልኳት።

ከበበው ወንበሬን ወደ ራሱ ሳብ አደረገልኝ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ምሳችንን ቀጠልን።